ኮረንቲ የሌለው ሽቦ

ፀጉሩ የሸበተ፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ የፊዚክስ መምህር ጓሮው ውስጥ ተቀምጦ በማይክ "የሚሰማኝ አለ? የሚሰማኝ አለ?" እያለ ሲለፈልፍ ብታዩ ምን ትላላችሁ? እዚህ ሱሉልታ "ለየለት" ነው የሚባለው። ባለቤቴም መጀመሪያ ያለችው ይህንኑ ነው። እኔ ግን አማተር ራዲዮ ነው የምሠራው፣ ፈቃድም አለኝ። ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ለደሞዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ፣ በገዛ እጁ በሠራው አንቴና ከማያውቀው አገር ሰው ጋር መነጋገር ነው። ምን ታወራላችሁ ለሚለኝ ደግሞ መልሱ ራሱ ያሳፍራል፤ ባብዛኛው "እንዴት ትሰማኛለህ? እዚህ ዝናብ ነው" እንባባላለን።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ራዲዮው ልቤ ሞቆ አይደለም። በአንድ ሽቦ ምክንያት አንድ ደግ ሰው ላይ ያደረስኩት ነገር አለ። ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አሁንም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል። ለሰው ስናገረው እያሳጠርኩ፣ እያለሳለስኩ ነው የምናገረው። እስቲ አንዴ እንኳ ሳላሳጥር ልናገረው።

የመጀመሪያ አንቴናዬ መዳብ ነበር። ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። አንድ ጠዋት ስነሳ ሽቦው የለም፤ ያሰርኩበት የባሕር ዛፍ አጠና ብቻውን ቆሟል። ሰበታ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የአበባ እርሻ የውሃ ፓምፕ እየጠገነ ነው የሚተዳደረው፣ እሱም እንደኔ በራዲዮ የተለከፈ ነው። መሰረቄን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። "አንተ መምህር ነህ ወይስ ምን? የከብት አጥር ሽቦ አትገዛም? ቀጭኑን፣ የወተት ከብት አርቢዎች ኮረንቲ የሚለቁበትን። ብረት ስለሆነ ሌባ ዞር ብሎም አያየውም። ለማድመጫ ከሆነ ግን ከመዳብ ምንም አይተናነስም!" አለኝ።

እውነቱን ነው። ለአማተር ራዲዮ የሚያስፈልገው ሁሉ የእርሻ ዕቃ መሸጫ ውስጥ አለ። ሽቦው በትልቅ ጥቅል ይሸጣል። ሽቦው እንጨቱን እንዳይነካ የሚይዙት ቢጫ ፕላስቲኮች በከረጢት ይሸጣሉ። ማጥበቂያውም አለ። አጠና ደግሞ እዚህ አገር ማንም አይቸገርበትም። ሱሉልታ ስላጣሁት ቡራዩ ድረስ ሄጄ፣ ፋጉሎና የከብት መድኃኒት ከሚሸጡ አንድ ሐጂ ሱቅ ገዛሁ። ሐጂ ሽቦውን እየመዘኑ "ስንት ላም አለህ?" አሉኝ። ለራዲዮ ነው ማለት አፈርኩ፤ ሰላይ እንዳልባልም ፈራሁ፤ "ሁለት" አልኳቸው። "አላህ ይባርክልህ" ብለው መብረቅ የተሳለበት ቢጫ ቆርቆሮ መረቁልኝ፤ ኮረንቲ ያለው አጥር ላይ የሚንጠለጠለው ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለት ላም ሳይኖረኝ የሁለት ላም ምርቃት ይዤ ገባሁ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልምጣ። ስማቸውን እዚህ አላነሳም፤ እኔም ኦቦ ብቻ ብዬ ነው የምጠራቸው። ከግቢዬ ጀርባ ያለው መስክ የእሳቸው ነው። ድሮ እስከ አስፋልቱ ድረስ የእሳቸው ነበር ይባላል፤ ከተማው እየገፋ መጥቶ ያቺን ቁራጭ አስቀርቶላቸዋል። ልጆቻቸው አጠገባቸው የሉም፣ ሚስታቸው ሕመምተኛ ናቸው፣ ቤቱ የሚኖረው በአንዲት ላም ነው። ወተቷን ሰፈሩ ይገዛል፣ እኛም እንገዛለን። ስትወልድ እንገሩን ለልጆቼ ይልኩ ነበር። ጠዋትና ከሰዓት ላሟን ይዘው በመስካቸው መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ ወንዝ ይወርዳሉ፤ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

እኔ የፈለግሁት አንቴና ረጅም ነው። ከመሬት ብዙም ሳይርቅ በቋሚ ላይ በቀጥታ የሚዘረጋ፣ ለማድመጥ ብቻ የሚሆን። እንዲህ ያለው ሽቦ የሰፈሩን የቻርጀርና የአምፖል ጫጫታ ትቶ የሩቁን ድምፅ ይለቅማል። ማስተላለፊያዬ ሌላ ነው፣ ጣሪያዬ ላይ ነው ያለው። እዚያ መስክ ላይ የምዘረጋው ሽቦ ዝንብ እንኳ የሚነዝር ነገር የለውም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሄጄ ጠየቅኋቸው። "ኦቦ፣ አካም ጅርቱ?"

"ፈያ፣ ኢልማኮ።" ኢልማኮ ነበር የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

"በመስክዎ ጠርዝ ሽቦ ብዘረጋ ቅር ይልዎታል?"

"ለምን?"

"ለራዲዮ።"

"ዜና ልትሰማበት?"

"እንደዚያ ነገር።"

"ዘርጋ፣ ዘርጋ። ሽቦ ሣር አይበላ!" አሉና ሳቁ።

ዝም ብለው መፍቀድ ብቻ አይደለም። ቋሚዎቹን ስተክል አፈሩን በእግራቸው እየደለደሉልኝ፣ ሽቦውን ስወጥር ጥቅሉን እየያዙልኝ ዋሉ። ሽቦው ወደ ወንዝ የሚወርዱባትን መንገድ አቋርጦ ነው ያለፈው፣ በሰው ደረት ልክ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ላሟ ግን የት ታውቃለች?

በመጀመሪያው ሳምንት በቀንዷ በጠሰችው። ቀጠልኩት። በሁለተኛው በጠሰችው፣ ቀጠልኩት። በሦስተኛው ጊዜ ግን አንድ በሩቅ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ያለ ሰው ለብዙ ቀን ስጠብቅ ቆይቼ፣ ድምፁ ገና ከጫጫታው መሐል ብቅ ሲል ጭጭ አለብኝ። ወጥቼ ሳይ ላሟ ሽቦዬን በአንገቷ እየጎተተች ሣሯን ትግጣለች። ንዴቴን እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም አጠና ብተክል ሽቦው ከቀንዷ በላይ ያልፍ ነበር። ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሰነፍኩ። ይልቅ ሐጂ የመረቁልኝን ቆርቆሮ አወጣሁና መንገዱ ላይ አንጠለጠልኩት።

ኦቦ በማግስቱ መጡ። ማንበብ አይችሉም፤ ለመብረቅ ስዕል ግን ማንበብ አያስፈልግም።

"ኢልማኮ፣ ኮረንቲ አስገባህበት እንዴ?"

የሚበቃው አንድ ቃል ነበር። "የለም፣ ላሟን ላስፈራራት ብዬ ነው፣ እሷ ግን ትምህርት ቤት አልገባችም" ብላቸው አብረን እንስቅ ነበር። እኔ ግን ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ደግሞም፣ ልናገረው፣ ቢፈሩልኝ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

"አዎ፣" አልኳቸው። "ትንሽ ነው። ግን አይነካካም።"

"ሰው ይገድላል?"

"እርጥብ ከሆነ ... ጥሩ አይደለም።"

"ላሟንስ?"

"ላሟንማ ይባስ።"

አቤት አፌ! ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው ልጅ ስለ ኮረንቲ ያስተማርኩበት አፍ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ ከባድ ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ጋላቶሚ፣ ልጄ። እንኳን ነገርከኝ። ሳላውቅ ብነካው ኖሮስ?" ብለው አመስግነውኝ ሄዱ። ቆርቆሮው ለአንድ ሳምንት ይሰንብት፣ ከዚያ አነሳዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ በመስካቸው አልወረዱም። ላሟን ይዘው ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ፣ በአስፋልቱ ዳር እስከ ድልድዩ ይሄዳሉ፣ በድልድዩ ሥር ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ከዚያ ያንኑ ተመልሰው ይመጣሉ፣ በቀን ሁለቴ። የፍቼ መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ድንጋይና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሲበር ነው የሚውለው። እኔስ? እኔማ ሽቦዬ አልተበጠሰም። ያንን የደሴት ሰው በሦስተኛው ቀን አገኘሁት፤ ሰበታ ላለው ወዳጄ እየጮህኩ ነገርኩት፣ ልጆቼን አቅፌ ዘለልኩ።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በሚኒባስ ከትምህርት ቤት ስመለስ አየኋቸው። ላስቲክ ተከናንበዋል፣ ገመዱን በእጃቸው ጠምጥመውታል፣ አንድ የጭነት መኪና ባጠገባቸው ሲያልፍ ጭቃውን ከእግር እስከ ራሳቸው ለቀለቃቸው። ቆመው ፊታቸውን ጠረጉና የላሟን ፊት ደግሞ ጠረጉላት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ "ወይኔ እኚህ ሰውዬ! ሌላ መንገድ የላቸውም እንዴ?" አለች። ስልኬን አወጣሁና አቀረቀርኩ።

ባለቤቴም ጠይቃኛለች። "ኦቦ ምን ሆነው ነው በአስፋልት የሚዞሩት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣" አልኳት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ! እኔ ዘንድ ግን ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር። በየቀኑ "ነገ እነግራቸዋለሁ" እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ትናንት ያልነገርኩት ይጨመርበታል። ውሸቱን በነገርኳቸው ቀን እውነቱን ብናገር ቀልድ ነበር። በወሩ ብናገር ነውር ነው። ክረምቱ ሲጋመስ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምረው እንኳ ጠፋኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ መስኩን ጉም የሸፈነው አንድ ጠዋት። ማድመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ተቀምጬ ስለነበር ጩኸቱን አልሰማሁም። ባለቤቴ መጥታ ትከሻዬን ነቀነቀችኝ። "ውጣ! ኦቦን መኪና ገጫቸው!"

የተገጩት እሳቸው አልነበሩም፣ ላሟ ናት። ሾፌሩ በጉሙ ውስጥ ዘግይቶ ነው ያያት። ስደርስ አስፋልቱ ዳር ተኝታለች፤ ኦቦ ክርናቸው ተልጦ፣ ገመዱን አሁንም እንደያዙ አጠገቧ ተንበርክከዋል። ከብዳ ነበር፤ አንድ ወር ቢቀራት ነው። እኔን ሲያዩ "ኢልማኮ፣ ሄደች" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሆዷን በመዳፋቸው እየዳሰሱ "ይሄም ሄደ" አሉ። ሰዉ ሁሉ ያለቅስ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ብዬ እንደማለቅስ ግን እኔና እግዜር ብቻ ነን የምናውቀው።

ትራፊኩ መጥቶ ለካና ጻፈ፤ የላሟ ካሳ ግን እንደ አገሩ ልማድ ለሽማግሌ ተተወ። እሑድ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሾፌሩ የጫንጮ ሰው ነው፣ ጨዋ ነው፣ አልሸሸም። የእሱ ወገኖች ያነሱት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ "ከብት በጉም አስፋልት ላይ ምን ይሠራል? እኚህ አባት መስካቸው ወንዙ አፍ ላይ አይደለም ወይ?"

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ኦቦ ዞሩ። "መውረጃ የለህም?"

"አለኝ።"

"ታዲያ?"

"ሽቦ አለበት። ኮረንቲ ያለው ነው። መምህሩ ያውቃል፣ ጠይቁት።"

ዐይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። "እውነት ነው፣ መምህር? ኮረንቲ አለው?" አሉኝ ሽማግሌው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። "የለውም" ብል ጎረቤቴን ያታለልኩ፣ ላሟን ያስገደልኩ እኔ እንደሆንኩ አገር ሊሰማ ነው፤ ተማሪዎቼ፣ ባልደረቦቼ፣ ባለቤቴ። "አለው" ብል ደግሞ በሽማግሌ ፊት የለየለት ሐሰት ነው። ታዲያ ምን አልኩ መሰላችሁ? "ማስጠንቀቂያ ለጥፌበታለሁ" አልኩ። ሰው መሳይ በሸንጎ የሚባለው እኔ ነኝ።

"በማን ፈቃድ ነው የዘረጋኸው?" አሉኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ኦቦ ቀደሙኝ። "በኔ። ጠይቆኝ ነው። እሱን አትንኩት፤ እንዲያውም ኮረንቲ እንዳለው የነገረኝ እሱ ነው። ባይነግረኝ ሟቹ እኔ ነበርኩ።"

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ሰውየው መንገዱን በገዛ ፈቃዱ ካዘጋ፣ ከብቱንም በጉም ወደ አስፋልት ካወጣ፣ ሾፌሩ ምን ያድርግ? ካሳ የለም ተባለ። ኦቦ "ቶሌ" አሉ፤ እሺ ማለት ነው። ተነስተው ሾፌሩን ሳሙት። ከዚያ ወደኔ መጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ "ሥራህን ትተህ ስለኔ መጣህ፣ ኢልማኮ። ተባረክ" አሉኝ። አቤት ያ አጨባበጥ! እስከ ቤቴ እጄን እንደ ባዕድ ዕቃ ተሸክሜው ሄድኩ።

ማታ ራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። ጉርሻዋን ትሪው ላይ መለሰችው። "ዛሬም ዝም አልክ? ስለ አንተ ሲቆሙልህም?" አለችኝ። ሰድባኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መስኩ ወጣሁ። ኦቦ ሣር እያጨዱ ነበር፤ የሚበላው ከብት የለም፣ ለሽያጭ ይሆናል። ምን ብዬ እንደምጀምር ስንት ጊዜ ሳጠና አደርኩ፤ ሳያቸው ግን ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። "ኦቦ!" ብዬ ተጣራሁ። ቀና ሲሉ ሽቦውን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩት።

"ወይኔ ልጄን! ልቀቅ! ልቀቅ!"

ማጭዱን ጣሉ። ያ ሲነሱ ሲቀመጡ የሚያቃስቱበት ጉልበት እንዴት እንዳሮጣቸው አላውቅም። እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ ያዩና ይገባቸዋል ብዬ ነው። እሳቸው ግን ደርሰው በባዶ እጃቸው፣ ጤዛ ባረጠበው ሣር ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው፣ ወገቤን አቅፈው ጎተቱኝ። ገዳይ ነው ብዬ የነገርኳቸውን ሽቦ ይዤ እያዩ ነው ያቀፉኝ። ሁለታችንም ሣሩ ላይ ወደቅን።

"ተረፍክ? ተረፍክ?" ፊቴን፣ ደረቴን ይዳስሳሉ።

"ኮረንቲ የለውም፣ ኦቦ።"

"እ?"

"የለውም። ኖሮትም አያውቅም።"

ሽቦውን አዩት። በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ በመዳፋቸው። ከዚያ ጨብጠው ያዙት፣ ብዙ ቆዩ።

"ያን ቀን ስትነግረኝ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን?"

"ላሟ ሽቦዬን እየበጠሰችብኝ ነው።" ጮክ ብዬ ስናገረው ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ለራሴም ተሰማኝ።

"ብትነግረኝ እኮ አስራት ነበር፣" አሉ። አልጮሁም፣ አልተራገሙም። "አሁን እነዚያን ሽማግሌዎች ምን እላቸዋለሁ? ልጄ ያልኩት ሰው ዋሸኝ ልበል? እኔ አፍራለሁ" አሉኝ። ማፈር የኔ ድርሻ ሆኖ ሳለ እሳቸው አፈሩ።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ራሴ ተናገርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ያንኑ ዛፍ ሥር፣ ያንኑ ሰው ሰብስቤ። ትልቁ ሽማግሌ "እሑድ ዕለት እዚሁ ቆመህ ነበር፣ ምላስህ የት ሄዳ ነበር?" አሉኝ። ሰዉ አልሳቀም። የከበደች ጊደር ገዝቼ እንድክስ ፈረዱ፤ ከጫንጮ ገበያ ጥሩ ጊደር መርጬ አመጣሁ። ኦቦ በሁለት እጃቸው ገመዱን ተቀበሉ፣ እንደ ወጉም መረቁኝ። እኔም ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነሳሁ፣ ቋሚዎቹን ነቀልኩ፣ ጉድጓዶቹን ደፈንኩ።

ካሳው አለቀ፣ ታርቀናል፣ ጊደሯም ወልዳ ወተት ከእሳቸው ነው የምንገዛው። ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ የልጆቼን ጤና ይጠይቃሉ። ኢልማኮ ግን ቀርቷል፤ አሁን "መምህር" ነው የሚሉኝ። ጠዋት ጠዋት ጊደሯን ይዘው ወደ አስፋልቱ ሲወጡ በመስኮት አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ልማድ ሆኖባቸው ነው ብዬ ነበር። ወራት ሲያልፉ አላስችል አለኝና አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠበቅኋቸው።

"ኦቦ፣ መስኩ እኮ ክፍት ነው። ሽቦውን ካነሳሁት ቆየ።"

"አውቃለሁ፣ መምህር፣" አሉኝ። ጊደሯን ቸብ አደረጓትና ወደ አስፋልቱ ነዷት።